መላእክቱ የተፈጠሩበት ቀን

ሰውን «ይህን ከየት አወቅከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ተብሎ ቢደነገግ፣ ከማንም በፊት እጄን አውጥቼ የምደግፈው እኔ ነኝ። ለምን መሰላችሁ? ከማውቀው ነገር አብዛኛውን ከየት እንዳወቅኩት አላውቅማ። ዝንጅብል ጉንፋን እንደሚያሽል አውቃለሁ፤ ማን ነገረኝ? እንጃ። በእርጥብ ፀጉር ወደ ውጭ የወጣ ሰው እንደሚታመም አውቃለሁ፤ የት ተጽፎ አየሁት? የትም። ስልኬ አዲስ ነገር በተጫነበት ቁጥር «አንብበሽ ተስማምተሻል?» ይለኛል፤ እኔም አንዲት መስመር ሳላነብ፣ ዓይኔን ሳላሽ፣ አንብቤ ተስማምቻለሁ እላለሁ። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትዋሹኝ። እንግዲህ ሳያነቡ አንብቤያለሁ ማለት በዚህ በሠለጠነ አገር እንኳ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ከሆነ፣ እኔ ኦሪት ዘፍጥረት ላይ የሠራሁት ጥፋት ያን ያህል የሚያስወግዝ አይመስለኝም።

ጥፋቴን ከመናዘዜ በፊት ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃ፣ ቶሮንቶ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ከአንድ ፎቅ ሰባተኛ ወለል ላይ ከባለቤቴና ከአንዲት ልጄ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። ባለቤቴ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ስለሚነዳ፣ ከእኛ ጋር ይኖራል የሚባለው በኪራይ ውሉ ላይ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መርዳት ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ማስታወስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱን ታሪክ ለአርባኛ ጊዜ ሲነግሩኝ እንደ አዲስ መገረም። በዚህ በመጨረሻው ማንም አይደርስብኝም። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላይ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ስጨርስ መውረጃዬ ይደርሳል። እንዲህ ስል በመጽሐፍ የኖርኩ እመስላችኋለሁ። ለእኔም ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ልቁጠርላችሁ። የምታውቁ፣ ስሳሳት እንድትይዙኝ አብራችሁኝ ቁጠሩ። እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ሲሠራ በጠቅላላው ሃያ ሁለት ነገር ፈጠረ። እሑድ ስምንት፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ አፈር፣ ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክት፣ ብርሃን። ሰኞ አንድ ብቻ፤ ጠፈር። (ሰኞ ቀን ሥራ ብዙ እንደማይገፋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።) ማክሰኞ ሦስት ወገን ተክል። ረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ከዋክብት። ሐሙስ ከውሃ የወጡ ሦስት ወገን። ዓርብ ሦስት ወገን እንስሳት፣ አራተኛ ሰው። ሃያ ሁለት! ይህንን በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩን በጣት አንጓ ነው፤ የአንድ እጅ አራት ጣት አሥራ ሁለት አንጓ አለው፣ የቀረውን አሥር በሌላኛው እጅ። ዛሬም ቢሆን ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አውራ ጣቴ ሳላዘው ከአንጓ ወደ አንጓ ሲሄድ አገኘዋለሁ።

ለልጄ ለብሌንም እንዲሁ አድርጌ አስተማርኳት። ትንሽ ሳለች ፀጉሯን ሳጥባት ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ እያለች ታለቅስ ስለነበር፣ ሃያ ሁለቱን ቆጥረን እስክንጨርስ ዓይንሽን ጨፍኚ እላታለሁ። ዓርብ ላይ ስንደርስ፣ ሰው ሲፈጠር፣ ፀጉሯም ታጥቦ ያልቃል። ያለ እንባ። ከዚህ የተሻለ የሃይማኖት ትምህርት አሰጣጥ ካለ ንገሩኝ።

ነገሩ የመጣው ብሌን አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። ስለ ዓለም ሃይማኖቶች የሚማሩበት አንድ ክፍለ ጊዜ ነበራቸው፤ መምህሯም እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡ እምነት ስለ ዓለም አፈጣጠር ምን እንደሚል ቆሞ እንዲያስረዳ አዘዘች። ልጄ የቤተ ክርስቲያን ነገር ሲነሳ ስልኳ ውስጥ የምትደበቅበት ዕድሜ ላይ ስለነበረች፣ «ማሚ፣ ሃያ ሁለቱን ንገሪኝ፤ እሱን ፕረዘንት ላደርግ ነው» ስትለኝ ደስታዬን ከፊቴ ላይ ለመደበቅ ማቀዝቀዣ ከፍቼ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ነገርኳት። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ ሃያ ሁለቱንም ሣለቻቸው። መላእክቱን ክንፋቸውን በወርቅ ቀለም ቀባቻቸው። ሲያልቅ፣

«ከየት ነው ልበል? ሶርስ መጻፍ አለብኝ» አለችኝ።

«ኦሪት ዘፍጥረት፣ ምዕራፍ አንድ» አልኳት። ዓይኔን ሳላሽ። ለስልኬ እንደምመልስለት።

በነጋታው ሰኞ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ቆመች። ይህ ቤታችን ውስጥ የሚደረገው ሰው ሲሞት ወይም እሳት ሲነሳ ብቻ ነው።

«ማሚ፣ መላእክቶቹ የታሉ?»

«የት ይሆናሉ? እሑድ ላይ!»

«ቨርስ ስንት?»

ለካ ሥዕሉን አሳይታ፣ ስምንት አንድ ሦስት እያለች ቆጥራ፣ ክፍሉ ሁሉ አጨብጭቦላት ስታበቃ፣ መምህርቷ በደግነት «መላእክቱ በየትኛው ቁጥር ላይ እንዳሉ አሳይን» ብላ መጽሐፍ አቀበለቻት። ልጄ ሰው ሁሉ እያያት ከላይ እስከ ታች ፈለገች። እንደገና ፈለገች። አጣቻቸው። አንዱ ከኋላ ሆኖ «ምናልባት በረው ሄደው ይሆናል» አለ። ሳቁ።

መነጽሬን አደረግኩና ቤት የምናነብባትን ትንሿን መጽሐፍ ቅዱስ አነሳሁ። አሁን አሳያታለሁ ብዬ ነው፤ ተንኮል አልነበረኝም። ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጌ ወደ ታች ወረድኩ። ሰማይና ምድር አሉ። ብርሃን አለ። ውሃና ጨለማ አሉ፤ ግን ማን መቼ እንደፈጠራቸው አይናገርም፤ ልክ ቀድሞ እንደደረሰ እንግዳ እዚያው ተቀምጠው ነው የምናገኛቸው። እሳት የለም። መላእክት የሉም። ሁለተኛ ወረድኩ። ሦስተኛ ወረድኩ። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይህንን ምዕራፍ በሕይወቴ ሙሉ አንብቤው አላውቅም ነበር። ሰምቼዋለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ፤ በሳሙና አረፋ መሐል አስተምሬዋለሁ። አንብቤው ግን አላውቅም።

«ምዕራፍ ሁለት ላይ ሊሆን...»

«አይቻለሁ። ሦስትም አይቻለሁ። ሦስት መጨረሻ ላይ ገነትን የሚጠብቁ ኪሩቤል አሉ።»

«ይኸው! አሉ አይደል!»

«አሉ፤ መቼ ተፈጠሩ ነው ጥያቄው፣ ማሚ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሐኪም፣ ይህ እዚያ ውስጥ ከሌለ ሌላስ ከነገርሽኝ ውስጥ የሌለው ምንድን ነው አለችኝ። መምህርቷ ሥራውን አስተካክላ ለቀጣዩ ሰኞ እንድታቀርበው አንድ ሳምንት ሰጥታታለች። «ካልተገኘ ግን አጥፍቼ ሌላ ነገር እሠራለሁ» አለችና ክፍሏን ዘጋች።

እንግዲህ የተፈረደብኝን እዩት። እግዚአብሔር ዓለምን በሙሉ የሠራበትን ያህል ቀን ተሰጥቶኛል፤ የምፈልገው መላእክቱን ብቻ አልነበረም፤ ልጄን ነው። ያቺ ልጅ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ስነግራት «እሺ» ትላለች፣ ልቧ ግን «ቨርስ ስንት?» ይላል። የእናትነት ሥራ ግማሹ ያለ ማስረጃ መታመን ነው። እሱ ከሄደ የሚቀረው ምግብ ማብሰል ነው።

ማክሰኞ ሚስተር ዘሊግ ቤት ነኝ። ሚስተር ዘሊግ ዘጠና ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሕፃናት ዕብራይስጥ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው አይሁዳዊ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ስለሚጠራ በአፌ ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ በልቤ ግን «አንቱ» ነው የምላቸው። ከእኔ በፊት ሦስት ረዳቶች ተባረዋል፤ ምክንያቱ የማእድ ቤቱ ሕግ ነው። የሥጋና የወተት ዕቃ አይገናኝም፤ ድስቱ ለየብቻ፣ ቢላዋው ለየብቻ፣ የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ እንኳ ለየብቻ ነው። እኔን በመጀመሪያው ቀን ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ፣ እኔም ቤት የጾምና የፍስክ ድስት ለየብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ማንኪያውም? ማንኪያውም። ለረጅም ጊዜ አዩኝና ወደ ሳሎናቸው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማእድ ቤቱ የእኔ ነው።

ሾርባቸውን አቅርቤ እንደ ማፈር ብዬ፣ ዘፍጥረት ውስጥ መላእክት መቼ ነው የተፈጠሩት ብዬ ጠየቅኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ያንን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዕብራይስጥ በቃላቸው ወጡት። ትርጉሙን ባላውቀውም መሐል መሐል ላይ የአማርኛ ዘመድ የሆኑ ቃላት ያልፉ ነበር፤ ሰማይ የሚመስል፣ ሌሊት የሚመስል፤ ልክ ብሉር ጎዳና ላይ በሰው መሐል ስትሄዱ ከኋላችሁ አማርኛ ሽው ሲልባችሁ ዞር እንደምትሉት። ጨርሰው ዓይናቸውን ገለጡ።

«የሉም» አሉ።

«የእናንተዎቹ ታዲያ መቼ ተፈጠሩ?»

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «በዚህ ጉዳይ የጥንት መምህሮቻችን ተከራክረዋል። አንዱ ሁለተኛው ቀን ነው አለ። ሌላው ደግሞ የለም፣ የሚበር ነገር ሁሉ በተፈጠረበት በአምስተኛው ቀን ነው አለ። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማምተዋል።»

«በምን?»

«በመጀመሪያው ቀን እንዳልተፈጠሩ።»

አያችሁ ዕድሌን! ስንት ቀን ሞልቶ፣ አንድ ላይ ተስማምተው የጣሉት የእኔን ቀን ነው።

«እኛ ጋ እሑድ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን ከነበሩ፣ ሰው ‹ፈጣሪ ሰማይን ሲዘረጋ መላእክቱ ጫፍና ጫፉን ይዘውለት ነበር› ይላል። ብቻውን መሆኑ እንዲታወቅ ነው።»

«ቢይዙለትስ ምን አለበት? አንሶላ እንኳ ለብቻ ሲያነጥፉት አስቸጋሪ ነው» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። ሚስተር ዘሊግ እስኪያስላቸው ሳቁ። ውሃ ሰጠኋቸው። ሾርባው ቀዘቀዘ፤ አሞቅኩት፤ በወተቱ ድስት አይደለም፣ አትጨነቁ።

ሳቁ ደስ አለኝ፤ ነገር ግን እጄ ባዶ ነበር። ረቡዕ ሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ ዳዊቴን ትቼ ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድን አነበብኩ። ልንገራችሁ፣ ለመፈለግ ብዬ የጀመርኩት ሳላውቀው ማንበብ ሆነ። ፀሐይ ሳትፈጠር ሦስት ጊዜ እንደመሸና እንደነጋ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀኑ ከማታ እንደሚጀምርም ያየሁት ያን ቀን ነው። እኛ አገር ቀን የሚጀምረው ጠዋት ነው፤ ዘፍጥረት ላይ ደግሞ ማታ ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን የሚጀምር አገር ውስጥ መኖሬን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። መውረጃዬ አለፈኝ። በእግሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ሌላ መንገድ ሳጣ ለመሪጌታችን ደወልኩ። መሪጌታ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ በሥራ ቀን ዳንፎርዝ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይቆጥራሉ፤ የደወልኩት በምሳ ሰዓታቸው ነው። ነገሩን ከላይ እስከ ታች ነገርኳቸው።

«ዘፍጥረት ላይ ነው ያለሽ ማነው?» አሉኝ፣ እያኘኩ።

«ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው፣ አባቴ።»

«ሁላችንም ማን ማን ነን?»

መሪጌታ ሳቁ፤ እኔን አዋርደው አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ያዩት ስህተት ስለሆነ ነው የሳቁት። ከዚያ ከዘፍጥረት ጋር ያንኑ ታሪክ የምትናገር፣ ሌሎቹ የሌላቸው፣ እኛ ከሰማንያ አንዱ ጋር ቆጥረን ያቆየናት አንዲት እኅት መጽሐፍ እንዳለች ነገሩኝ። ስሟን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ የማታውቁ የእኔ ብጤ ናችሁና እንደ እኔ አፍራችሁ ፈልጉ። ሃያ ሁለቱም፣ መላእክቱም፣ እሑዱም እሷ ውስጥ ነው ያሉት።

«ቤትሽ ሰማንያ አሐዱ የለም?» አሉኝ።

«አለ።»

«ታዲያ ምን ትሠሩበታላችሁ?»

እንተኛበታለን አላልኳቸውም። እውነቱ ግን እሱ ነው።

ብሌን ሦስተኛ ክፍል ሳለች ሌሊት እየቃዠች ትነሳ ነበር። ሐኪሙ መብራት አብርታችሁ አስተኟት አለን፤ አበራን፤ መቃዠቷን በመብራት ቀጠለች። እኔ ደግሞ የማውቀው መድኃኒት ሌላ ነው፤ ለእኅቴ ደወልኩና ትልቁን ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ በሰው ላከችልኝ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከልጄ ትራስ ሥር አደረግኩት። በሦስተኛው ቀን ቅዠቱ ቆመ። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ድረስ ተኛችበት፤ ከዚያ «አንገቴን አመመኝ» ስትል ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ከሻንጣዎቹ ጎን አስቀመጥኩት። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ገልጠነው አናውቅም። ለማንበብ ትንሿ ነበረችና። ትልቁ የተከበረ ነው፤ የተከበረ ነገር ደግሞ እኛ ቤት ይጠቀለላል እንጂ አይገለጥም። እንግዲህ ልጄ ክፍሉ ፊት ቆማ ያጣቻቸው መላእክት አራት ዓመት ሙሉ ከጆሮዋ ሥር ነበሩ።

ያን ሐሙስ ብሌን ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ መጽሐፉን ሳወርድ ደረሰች። ጨርቁን ፈታሁት። ገጾቹ ተገልጠው ስለማያውቁ ወርቃማው ጠርዝ እርስ በርሱ ተጣብቆ ስንገልጠው ሰበር ሰበር ይል ነበር። ብሌን አማርኛ ፊደል ትለያለች፤ ግን የምታነበው ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው። እሷ ቃል በቃል ስትጎትት፣ እኔ በአንጓዬ ስቆጥር፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፋን።

መላእክቱ ተገኙ። የመጀመሪያው ቀን! እንዲያውም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የነፋሱ፣ የእሳቱ፣ የበረዶው፣ የነጎድጓዱ፣ የብርዱና የሙቀቱ መላእክት እየተባሉ ተዘርዝረዋል። «የበረዶ መልአክ አለ?» አለች ብሌን። «ካናዳ ውስጥ ሥራ የሚበዛበት እሱ ነዋ!» አልኳት፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ግን ደስታዬ ከአንድ ገጽ አላለፈም።

«ማሚ፣ እሑድ ሰባት ነው የሚለው።»

«ስምንት ነው።»

«ሰባት። አንቺ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሰባት። እሳት ለብቻው የለም፤ መላእክቱ ናቸው የያዙት። ይህን ያህል ተጉዤ ደርሼ፣ አሁንም አንድ ጎደለኝ! ማክሰኞ ላይ ስንደርስ ግን ሦስት ያልኩት አራት ሆኖ ተገኘ። አራተኛዋ ገነት ናት። ሰባት፣ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አራት። ብሌን በስልኳ ደመረችው፤ እኔ በአንጓዬ። ሃያ ሁለት። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሮቼ ቆጠራ ሌላ፣ የመጽሐፉ ሌላ፤ ድምሩ አንድ። ብዙ አልተከራከርኩም። እሳት ቀንሶ ገነት የጨመረን መጽሐፍ መቼም ሰው አይጠላም።

ዓርብ ለሚስተር ዘሊግ ልነግራቸው ቸኩዬ ኮቴን ሳላወልቅ ጀመርኩ። መጽሐፉ የትኛው እንደሆነ ሲገባቸው ዝም አሉ። የዝምታቸውን ዓይነት ለይቼ አውቃለሁ፤ የእንቅልፍ አለ፣ የሕመም አለ፤ ይህ ግን አዲስ ነበር። ከዚያ ነገሩኝ። ያ መጽሐፍ በመጀመሪያ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው። እነሱው ጻፉት፣ እነሱው ጣሉት፣ ጠፋ። በእሳቸው ዕድሜ በረሃ ውስጥ ካሉ ዋሻዎች የተወሰነ ቁርጥራጭ ተገኘ፤ ሙሉው ግን ሳይጎድል የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው።

«እኛ ያጣነውን እናንተ አስቀምጣችሁታል» አሉ። «እንዴት አድርጋችሁ አቆያችሁት?»

በትራስ ሥር ማለት አማረኝ። «ጠቅልለን» አልኳቸው።

«አምጪልኝ።»

ብሌንን ኮል አደረግኳት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጽሐፉን በቦርሳዋ ይዛ መጣች፤ ፊቷ ላይ ግዴታ ነበር። እኔ በአማርኛ አነበብኩ፣ እሷ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፣ እሳቸው ደግሞ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ ዕብራይስጥ ይመልሱት ነበር። ማን አስቦት ያውቃል? አያቶቻቸው የጻፉትን መጽሐፍ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ረዳታቸው በሦስተኛ እጅ ስታቀብላቸው። ብሌን ቃል ሲጠፋት እኔን ታየኛለች፤ እኔም ስትፈልገኝ እዚያው ነበርኩ። ሰንበታቸው የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ በመስኮቱ እያየን ፈጠን አልን። ሃያ ሁለት ላይ ስንደርስ ሽማግሌው ጣታቸውን አንስተው የዕብራይስጥ ፊደሎቻቸውን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ፤ ጮክ ብለው፣ ልክ ሕፃናቱ ፊት እንደቆሙ። ሃያ ሁለት ናቸው።

«እንግዲህ መላእክቱ እሑድ ናቸው፤ አመኑ?» አልኳቸው መጽሐፉን እየጠቀለልኩ።

ሚስተር ዘሊግ አሰቡበት። «መጽሐፉ ድንቅ ነው» አሉ። «ስለ መላእክቱ ግን ተሳስቷል።»

ሰኞ ብሌን ክፍሉ ፊት ቆማ ምን እንዳለች አላየሁም፤ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ። «እናቴ ዘፍጥረት ላይ ነው አለችኝ፤ እናቴ ተሳስታ ነበር» ብላ ነው የጀመረችው። «ቀጥይ፣ ቀጥይ» አልኳት። ከዚያ የጠፋውን መጽሐፍ፣ ዋሻውን፣ በግዕዝ ተርፎ መገኘቱን፣ ሥዕሉ ላይ እሳቱን ፍቃ ገነትን መጨመሯን ተናገረች። መጨረሻ ላይ ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ «ታዲያ መላእክቱ መቼ ተፈጠሩ?» ብሎ ጠየቃት፤ አሁን በቀልድ አልነበረም። «እናቴና አንድ ሽማግሌ ገና እየተከራከሩበት ነው፤ ሲስማሙ እነግርሃለሁ» አለችው። እስካሁን አልነገረችውም።

አሁን ቤታችን ውስጥ አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ አንድ ነገር ተጽፏል ካልኩ ማሳየት አለብኝ። ሳምንቱን ሙሉ እፈልጋለሁ፤ ቅዳሜ እናያለን። ማታ ቤት አይጠረግም? የለም። ሌሊት አይፏጭም? የለም። እናትና አባትን ማክበር? ይኸው፣ ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ እጠቅሰዋለሁ። ከነገርኳት ውስጥ አንዳንዱ የመጽሐፉ ሆኖ ተገኘ፣ አንዳንዱ የእናቴ ሆኖ ተገኘ። ብሌን የእናቴንም አልጣለችውም፤ ለብቻው ዝርዝር ይዛለታለች። መቼም እኛ ቤት ዕቃ መለየት አዲስ ነገር አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እሷ ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ የአልጋዋን አንሶላ ልቀይርላት ገባሁ። ትልቁን መጽሐፍ ከጠረጴዛው ላይ አጥቼው ነበር፤ ቁም ሳጥኑም አናት ላይ የለም። ትራሷን ሳነሳ አገኘሁት። ነጩ ጨርቅ ታጥፎ ጎኑ ተቀምጧል፤ በገጾቹ መሐል ሦስት ቢጫ ወረቀት ተሰክቷል። ብድግ አድርጌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና አንሶላውን ለብቻዬ ዘረጋሁ። ይህን ጫፍ ስስብ ያኛው ይወጣል፣ ያኛውን ስስብ ይህኛው ይወጣል፤ በስተመጨረሻ ጠምዘዝ ብሎ ቀረ። ቆሜ አየሁት። ሰማይን ለብቻው ዘርግቶ እንዲህ ቀጥ ያደረገው እሱ አንድዬ ነው፤ የሚስተር ዘሊግ መምህሮችም የሆነ ነገር ሳይታያቸው አልቀረም። ለእሳቸው ግን አልነግራቸውም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ምን እንከራከራለን?

መጽሐፉን ትራሷ ሥር፣ እንደነበረው፣ ቢጫ ወረቀቶቹ ሳይታጠፉ መለስኩት። ልታነበው ነው ያስቀመጠችው ወይስ ልትተኛበት፣ አልጠየቅኳትም።